ባዶውን የማይመለስ ሳህን

እናቴ ያን ዕለት ሀልዋ የሠራችው የወጥ ቤቱን መስኮት በእርጥብ ፎጣ ደፍና ነው። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በአባቴ አሮጌ ኮት ዘግታዋለች። ዱቄቱ በቅቤ ሲቆላ ጭሱ መውጫ አጥቶ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ቤት እውላለሁ። በቁልፉ ቀዳዳ ሳያት ቆይቼ በሩን ገፋ አደረግሁ።

«ለምንድን ነው የዘጋሽው?»

«ብርድ ነው።»

«እያላበሽ?»

«ኢራጅ፣ ሂድና የቤት ሥራህን ሥራ!»

ሀልዋ ሲሠራ መስኮት እንደሚከፈት አውቅ ነበር። በከተማችን በሃመዳን የትኛውም ቤት ሀልዋ ሲሠራ ሽታው ቀድሞ ይወጣል፤ ሳህኑ ይከተላል። ጎረቤት ሽታው ሲደርሰው ሳህን እንደሚመጣለት ያውቃል። ሽታ የሚደብቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ነገሩ ከነከነኝ።

በዚያ ሳምንት የከነከነኝ እሱ ብቻ አልነበረም።

ወንድሜ ቢጃን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ ቤት የለም። ባንዳር ወደብ ሥራ አግኝቶ ሄደ ያለችኝ አክስቴ ሻምሲ ናት። አባቴ ቆዳ ሠራተኛ ነው፤ በየሰኞው ሱቁን ዘግቶ ንጹሕ ልብስ በከረጢት ይዞ ይወጣል፤ ማታ የቆሸሸውን ይዞ ይመለሳል። ባንዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው የለም ወይ ብዬ አክስቴን ጠይቄያት ነበር።

«የባንዳር ውኃ ጨው ነው» አለችኝ። «ልብስ ያደርቃል።»

አመንኳት። ባሕር ጨው መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ።

በዚያ ሳምንት ሰኞ ግን አባቴ ይዞት የሄደው ከረጢት እንደ ሞላ ተመለሰ። ንጹሑ ልብስ አልተነካም። ከላዩ የቢጃን ጫማ፣ ሹራቡና መነጽሩ ተቀምጠውበታል። ሹራቡን የመለሰው ባንዳር ስለሚሞቅ ነው ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። መነጽሩ ግን መልስ አጣሁለት።

«መነጽሩን ለምን ላከው? ያለ መነጽር እኮ የገዛ እጁን አያይም።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። የራሱን ሳይሆን የቢጃንን ጫማ። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እናቴ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፈተች። በዚያ ሰሞን እናቴ ብዙ ትታጠብ ነበር።

ቢጃን የተረሸነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥፋቱ የታገደ ጋዜጣ መሸጥ ነበር። ዳኛው የሃይማኖት ሰው ነው፤ ጠበቃ አልነበረም። ፍርዱ የወሰደው ጊዜ አንድ ሰው ዳቦ ቤት ተሰልፎ ተራው እስኪደርስ ከሚጠብቀው ያነሰ ነው ብለው አብረውት ታስረው የነበሩ ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ባንዳርን ነው።

ማክሰኞ አባቴ ከሥራ ሰዓቱ በፊት መጣ። ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ሀልዋ የለም» አለ አባቴ። «ቁርዓን ማስቀራት የለም። ጥቁር መልበስ የለም። በር ከፍቶ መቀመጥ የለም። አርባ ቀን ድምፅ ካልተሰማ የት እንዳለ ይነግሩናል። ከተሰማ ግን እስከ ዕለተ ሞታችሁ አታገኙትም ነው የሚሉት። የኮሚቴው ቶራቢ ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ሰው ቢጠይቀኝስ?»

«ባንዳር ነው በይ።»

እኔ ደስ አለኝ። ባንዳር ትልቅ ከተማ ነው፤ ቢጃን የትኛው ሰፈር እንዳለ ጠፍቶብን ኖሯል። አርባ ቀን ቆጥሬ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ አልኩ። ሀልዋ ለሞተ ሰውም እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም፤ ለምን እንደተከለከለ አልገባኝም። እናቴም ትእዛዙን አንድ ቀን ብቻ ነው የቻለችው።

በአጥር የምንገናኘው ጎረቤታችን ሶግራ ኻኑም ናት፤ ኻኑም በእኛ ዘንድ ወይዘሮ ማለት ነው። ልጇ ናስር አባዳን ግንባር ከሞተ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በእኛ ዘንድ ሚስት ሳያገባ ለሞተ ጎረምሳ በደጁ ጫጉላ ይቆምለታል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ማማ ነው፤ ዙሪያውን መስታወትና ባለ ቀለም አምፖል፣ አናቱ ላይ ላባ፣ መሐሉ ላይ የሟቹ ፎቶ። የጦር አይሮፕላን ስለሚፈራ ማታ መብራት አይፈቀድም፤ የናስር ጫጉላ የሚበራው በቀን ነበር። ልጇ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነውና አላፊ አግዳሚው ለሶግራ ኻኑም «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አላህ ጽናቱን ይስጥሽ» ይላታል፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። እሷ የትኛውን እንደምትሰማ ለማወቅ ፊቷን አያለሁ። አይለይም።

ናስርና ቢጃን አንድ ላይ ያደጉ ናቸው። በኋላ ናስር ለሰፈሩ የአብዮት ኮሚቴ ወገነ። አንድ ቀን መስጊዱ በር ላይ የቢጃንን ጋዜጦች ከእጁ ነጥቆ ቀዳደዳቸው። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ የለም። ቢጃንን ለኮሚቴው የጠቆመው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ናስር ነው የሚሉ ነበሩ።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት ቁልፉ ቀዳዳ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ይህን ነው። ሀልዋው ስለት ነው። እናቴ ቢጃን እንዲመጣላት ተስላለች። አክስቴ ሻምሲ ደግሞ ስለት ተሠርቶ ለጎረቤት ካልታደለ እንዳልተሠራ ይቆጠራል ብላ አስተምራኛለች። እናቴ ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ፣ መስኮት ዘግታ ስለቱን ልታበላሸው ነው። ቢጃን ሳይመጣ ሊቀርብን ነው።

ሀልዋውን ሸክላ ሠሪዎች በሚኖሩባት በላለጂን በተሠራው ሰማያዊ ሳህን ላይ ዘረጋችው። ጠርዙ የተሸረፈ ነው፤ የሸረፈው ቢጃን በልጅነቱ ነው። በማንኪያ ጀርባ አበባ አበባ አስመስላ ላዩን ጫነችው፤ በጨርቅ ሸፈነችው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች።

ውኃው እየፈሰሰ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ሀልዋው ለብዙ ቤት አይበቃም። ከቅርቡ ቤት ልጀምር ብዬ ሶግራ ኻኑም ጋ ገባሁ። ልቅሶ ቤት ስለሆነ በሩ ክፍት ነው። እሷ ጥቁር ለብሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ታሄሬ፣ በዓመት የምትበልጠኝ፣ ሻይ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እናትህ ላከችህ?» አለችኝ ሶግራ ኻኑም።

«አልላከችኝም። ስለት ነው። ቢጃን እንዲመጣ።»

ጨርቁን ገለጠችው። አበባውን አየችው። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

«መስኮቱን በፎጣ ዘግታ ነው የሠራችው» አልኳት። ደርሼበታለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። «በሩንም በኮት። ለምን ይመስልሻል? ደግሞ ቢጃን መነጽሩን መልሶ ላከው።»

ሶግራ ኻኑም እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታሄሬ ብርጭቆ ማጠቧን ተወች።

«ያ አላህ!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ወንድ ሊገባ ሲል እንዲህ ይላል፤ ሴቶቹ መከናነቢያቸውን አስተካከሉ። የገባው ቶራቢ ነው።

ቶራቢ ድሮ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የቢጃንን ጎማ ብዙ ጊዜ ለጥፎለታል። አሁን የሰፈሩ ኮሚቴ አለቃ ነው፤ ኮቱ በሽጉጡ በኩል ዘንበል ይላል። የመጣው ስለ ናስር የአርባ ቀን ሥርዓት ሊነጋገር ነው። አልተቀመጠም። አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ሶግራ ኻኑም፣ ሰፈሩ ሀልዋ ሀልዋ ይሸታል።»

«ልጅ የሞተበት ቤት ምን ሊሸት ኖሯል፣ ሽቶ?»

ቶራቢ ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለሀልዋው የጽጌረዳ ውኃ ጎድሎኝ ከጎረቤት አስመጣሁ።»

«ከእነዚያ ቤት?»

«ከቅርቡ ቤት።»

«ናስር ቢኖር ከዚያ ቤት ቀዝቃዛ ውኃ አይቀበልም ነበር። እነማን እንደሆኑ አብጠርጥሮ ያውቃል።»

«ናስር የለም፣ ቶራቢ አጋ። ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ የምለው አገር በጦርነት ላይ ነች። ዓለም ሁሉ በአንድ በኩል፣ እኛ በአንድ በኩል ነን። በውስጥ ያለውን ጠላት…»

«ሀልዋው እኮ የኛ…» ብዬ ጀመርኩ።

አልጨረስኩም። ሶግራ ኻኑም አገጬን ይዛ አንድ ማንኪያ ሙሉ ሀልዋ አፌ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

«ብላ! ይኼ ልጅ ሲበላ ብቻ ነው ዝም የሚል። ቶራቢ አጋ፣ አንተም ቅመስ። ለሟቹ ፋቲሃ ቅራለት።»

ታሄሬ ሳቋን ልትውጥ አልቻለችም። ቶራቢ ግን ተቀመጠ። ከሳህናችን በሦስት ጣቱ ቆርሶ በላ። መዳፎቹን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፋቲሃ ቀራ። ድምፁ ያምራል።

ቢጃንን ከቤት አስሮ የወሰደው ቶራቢ ነው። የመጀመሪያውን ፋቲሃ የቀራለትም እሱ ሆነ። ሶግራ ኻኑም አንገቷን ደፍታ እስኪጨርስ ጠበቀች።

እሱ ሲወጣ «ሂድ» አለችኝ። «ለእናትህ ሳህኑ እኔ ጋ ነው በላት። ሌላ ነገር አትጨምር።»

ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ ቢጠፋ አንድ ፖም፣ አንድ ቁራጭ ስኳር ይደረግበታል። ጭራሽ የማይመለስ ሳህን ግን ሰምቼ አላውቅም። ሶግራ ኻኑም ሀልዋችንን የኔ ነው ብላ ሳህኑንም ወሰደችው። ሌባ ናት አልኩ።

ቤት ገብቼ እንዲያው ነገርኳቸው። አባቴ ለምሳ መጥቶ ነበር።

«ለሶግራ?» አለ። «ሰው ሁሉ ሞልቶ ለሶግራ?»

እናቴ አልተቆጣችኝም። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የት እንዳለ አይነግሩንም» አለች። «በገዛ እጄ።» አባቴ ጫማውንና ኮቱን አድርጎ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እስኪመሽ ከዚያ አልተነሳም። እንግዳ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ሰልፉ ሊጀመር ሲል ደረስኩ። እንደ ሁልጊዜው ተሰልፈን ለሦስት አገሮች ሞትን ተመኘን። ሦስቱንም በካርታ ላይ ፈልጌያቸው ነበር፤ አንዷ በጣም ትንሽ ስለሆነች አስተማሪው ባያሳየኝ አላገኛትም ነበር። እንዲህች ያለች ትንሽ ነገር ምን አደረገችን ብዬ ስጠይቀው ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ጠላት ሩቅ ያለ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብረት መሬት ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። ሶግራ ኻኑም ሁለት የወንድሟን ልጆች ይዛ የናስርን ጫጉላ ትጎትታለች። ከደጇ አንስታ የእኛ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከበራችን አጠገብ አቆመችው። ከዚያ በራችንን መታች። በዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

እናቴ ከፈተች።

«ፋኽሪ ኻኑም» አለች ሶግራ ኻኑም ጮክ ብላ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ። «ሶኬቴ ተቃጥሏል። መብራት ከእናንተ ልሳብ?»

ሁለቱ ተያዩ። አባቴ መሰርሰሪያ አመጣና የመስኮቱን እንጨት በሳ። ሽቦው ገባ። አምፖሎቹ በሩ፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በግድግዳችን ላይ።

ቶራቢ ከረፋዱ ላይ መጣ። «ለምን ተነሳ?»

«ደጄ ጠባብ ነው፣ መኪና ይገጨዋል። ወይስ የሸሂድ ልጄ ጫጉላ የት እንደሚቆም የሚወስነው ኮሚቴው ነው?»

ቶራቢ የናስርን ፎቶ አየ። የእኛን በር አየ። ሁለት ሰዎች ቆመው ይሰሙታል። ተመልሶ ሄደ።

እኔን የያዘኝ የሶኬቱ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ለታሄሬ ደብተር ልመልስ ነው ብዬ ገባሁና የጠረጴዛ መብራታቸውን ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። በራ።

«ታሄሬ! ይሠራል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እናትሽ ለምን ትዋሻለች?»

«አንተ ዝም በል አልተባልክም? ሀልዋ ላምጣልህ?»

በልቤ ቆጠርኩ። ሀልዋ፣ ሳህን፣ ኤሌክትሪክ። ሦስት ነገር ሰርቃናለች። የሚገርመው እናቴ አለመቆጣቷ ነው። በየማለዳው ጨርቅና ኮምጣጤ ይዛ ትወጣና የጫጉላውን መስታወቶች አንድ በአንድ ትወለውላለች። ፊቷ በመስታወቶቹ ውስጥ ተቆራርጦ ይታያል። እየወለወለች ታለቅሳለች፤ በአደባባይ፣ ድምፅ አውጥታ። አላፊው «ለጎረቤት ልጅ እንዲህ ታለቅሳለች፣ ምን ዓይነት ሴት ናት!» ይላል። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ከፍታ ስትታጠብ አልሰማኋትም።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ቀድሞ ከጫጉላው ፊት ቆመው ለናስር ፋቲሃ የቀሩ ሰዎች እንደገና መጡ። ዳቦ ጋጋሪው መጣ። የቢጃን አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ በከዘራ መጡ። ዓይናቸው ከናስር ፎቶ ይጀምርና የእኛ መስኮት ላይ ያርፋል። አንድ አርብ አርባ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ሁሉም ሲሄዱ የአባቴን እጅ ይጨብጣሉ።

«አባባ፣ ለናስር ጸልየው አንተን ለምን ይጨብጡሃል?»

«መብራቱ የኛ ስለሆነ» አለኝ።

የናስር አርባ ቀን ሲያልፍ ጫጉላውን ያከራየው ሰው ሊወስድ መጣ። ሶግራ ኻኑም ልጄን አልጠገብኩም ብላ መለሰችው። በሳምንቱም መለሰችው። በድምሩ ስልሳ ሁለት ቀን ቆመ። የተነሳው የቢጃን አርባ ቀን በሞላ ማግስት ነው። ይህን ያሰላሁት ሰው ሆኜ፣ ጢም አብቅዬ ነው።

አባቴ ቢጃን የት እንዳለ የሚነግረውን ወረቀት ያገኘው በዚያው ሳምንት ነው። ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈበት። አርብ ዕለት እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ባንዳር የምንሄድ መስሎኝ የቢጃንን መነጽር በኪሴ ይዤ ነበር። አውቶቡሱ ግን ከከተማው ዳር አወረደን። ከመቃብሩ አጥር ውጪ፣ ሰው ከማይቀበርበት ሜዳ ላይ፣ አባቴ እርምጃ እየቆጠረ ሄደና ቆመ።

«ቢጃን እዚህ ነው» አለኝ።

አፈሩን አየሁ። አባቴን አየሁ። መነጽሩን ከኪሴ አውጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት።

ድንጋይ አራት ጊዜ አቆምንለት፤ አራት ጊዜ ሰበሩት። በኋላ ሜዳውን አርሰው መንገድ አወጡበት። ዛሬ መኪና ይሄድበታል። ቶራቢ በእርጅና አልጋው ላይ ሞተ። እናቴም ሶግራ ኻኑምን ስለ ጠቋሚው አንድ ቀን ሳትጠይቃት ሞተች። ሁለቱ ሴቶች እስከ መጨረሻው ሻይ አብረው ይጠጡ ነበር። ሳህኑን ግን እናቴ አልጠየቀችም፣ ሶግራ ኻኑምም አላነሳችም። ሳህኑ የሷ ነው ተብሎ ለቶራቢ ተነግሯል። ያ ቃል እንዲቆም ሳህኑ እዚያው መቅረት ነበረበት።

ሶግራ ኻኑም የሞተችው ባለፈው ዓመት ነው። በሦስተኛው ቀን ታሄሬ በሬን መታች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እንደኔው። ሰማያዊውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። የተሸረፈው ጠርዝ በኔ በኩል ነበር። ላዩ ሀልዋ ነው፣ በማንኪያ ጀርባ አበባ የተጫነ።

«ሳህናችሁ» አለችኝ።

«አርባ ሦስት ዓመት» አልኩ።

«ዛሬ ነገ ስትል ነው። አንዳንዴ ከመደርደሪያው ታወርደውና ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ስኳር አድርጊበትና መልሽው እላታለሁ። ‹ለዚህ ሳህን የሚሆን ነገር የለኝም› ትለኛለች።»

ናስር ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ታሄሬ ታውቅ እንደሆነ ፊቷን አየሁ። እሷም የምጠይቃት መሆኑን አውቃለች፤ አልሸሸችም። ቆማ ጠበቀችኝ።

ሳህኑን ተቀበልኳት። ለእናቷ ፋቲሃ ቀራሁ። ቀጥዬም ለናስር፣ ቀጥዬም ለቢጃን።

ስትሄድ ወጥ ቤት ገብቼ ቆሜ በላሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።